መስመሩ ሲቋረጥ ሒሳቡ አይቋረጥም

ገበያው በባንክ ዝውውርና በቴሌብር መዋል ከጀመረ ወዲህ ኢንተርኔት ለነጋዴው እንደ ኪራይ ቋሚ ወጪ ሆኗል። በሐዋሳ ከተማ ቡሹሎ ሱቅ የከፈተ ሰው ብሮድባንድ ሲያስገባ የሚዋዋለው በመረጠው ፍጥነት፣ በወር ቁርጥ ዋጋ ነው። የክፍያ ቅሬታ የሚነሣውም ከዚሁ ከቁርጡ ነው።

ለምሳሌ ወርኃዊው ክፍያ 1,000 ብር ቢሆን፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 1,150 ብር ይደርሳል። መስመሩ 30ውንም ቀን ከሠራ የአንዱ ቀን ዋጋ 38 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። 10 ቀን ተቋርጦ ተቀናሽ ካልተደረገ ግን 57 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ታሪፉ ሳይነካ ዋጋው በግማሽ ጨመረ ማለት ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የብሮድባንድ ታሪፉን በ54 በመቶ መቀነሱ ይታወሳል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ገበያውን ተቀላቅሏል። ይሁንና የታሪፍ መርከስም ሆነ የአማራጭ መኖር የባከነውን ቀን አይመልስም።

በመሆኑም ደንበኛው መስመሩ የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ቀን ጽፎ መያዝ፣ ብልሽቱንም ወዲያው ለአገልግሎት ሰጪው ማስመዝገብ ይኖርበታል። በዚያ ያልተፈታ ቅሬታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል። በቃል ያለ ይረሳልና ማስረጃው በእጅ ይሁን።