ድንግል ነው ብለን ለምን ሳቅን?

ባለፈው እሁድ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። ከኦሎምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለው ይህ አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ ነው። ሁላችንም ሠላሳን የተሻገርን፣ ማስተርስ የጨረስን፣ ወሬ የማያልቅብን ወንዶች ነን። ጨዋታው ወደ ሴት ሲዞር አንዱ ጓደኛችን ዝም አለ። «ይሄ ልጅ አሁንም ድንግል ነው እንዴ?» አለ ሌላው። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ልጁ ሂሳቡን ከፍሎ ቀድሞን ወጣ።

እኔ ራሴ እስከ 28 ዓመቴ እንደሱ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ለመሆኑ ነገሩ ያን ያህል ብርቅ ነው? አይደለም። ከኛ ብዙም በማይርቀው ሳንዲዬጎ የምታስተምረው ጂን ትዌንጊ ከባልደረቦቿ ጋር በ2017 ባወጣችው ጥናት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከተወለዱ የ20–24 ዓመት አሜሪካውያን 15 በመቶዎቹ ከ18 ዓመታቸው ወዲህ ከማንም ጋር ግንኙነት አላደረጉም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተወለዱት በዚያ ዕድሜያቸው 6 በመቶ ነበሩ። በጃፓን ደግሞ በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ18–34 ዓመት ካሉ ያላገቡ ወንዶችም ሴቶችም ከአሥሩ አራት በላይ የሚሆኑት ጭራሽ አልጀመሩም።

አገር ቤትስ? የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ ከ25–49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ 16.6 ዓመት ሳይሞላቸው ጀምረዋል። የወንዶቹ 21.2 ነው። የሴቶቹን የጋብቻ ዕድሜ ስታዩት ደግሞ 17.1 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ናቸው። ስለዚህ ለብዙ እናቶቻችንና እህቶቻችን «ልምድ» የምንለው ነገር የመጣው ከጋብቻ ጋር ነው፤ አንዳንዶቹም ሳይጠየቁ ነው የተዳሩት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 ያደረገው ገና በ2000 ነው።

እንግዲህ ቶሎ መጀመር የብስለት ምልክት ከሆነ፣ በልጅነቷ የተዳረችው ከሁላችንም በላይ በሰለች ልንል ነው። እንደዚያ የሚል ሰው የለም። ዋናው ጥያቄ በስንት ዓመት ሳይሆን በማን ፈቃድ የሚለው ይመስለኛል።

እዚህ ያለነው ደግሞ የራሳችን ምክንያት አለን። አንዱ በእምነቱ ጋብቻን ይጠብቃል። ሌላው ትምህርት፣ ወረቀትና ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ሲያሯሩጡት ሃያዎቹ አለቁበት። ሌላው ዝም ብሎ ዓይን አፋር ነው። ያም ሆኖ ስማችን አያልቅም፦ ወንዱ «ፈዛዛ»፣ ሴቷ በሃያ ዓመቷ «ጨዋ»፣ በሠላሳ አምስቷ «ቁሞ ቀር»።

ሰኞ ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩት። የራሴንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ትናንት ሰው ፊት ለምን አልተናገርክም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን ይኸው፣ ሰው ፊት ተናገርኩ።