ሦስት ቻርጆች በአዊ ካርታ ላይ

የአዊ ዞንን ካርታ ዘርጉና እንጅባራን መነሻ አድርጉ። ዳንግላ ወደ ሰሜን፣ ቻግኒ ወደ ምዕራብ ናቸው። ለስሌት እንዲቀለን ሁለቱም ከእንጅባራ በቀጥታ መስመር 40 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ እንበል። በሦስቱም ከተሞች አንድ አንድ ኩሎምብ ፖዘቲቭ ቻርጅ ብናስቀምጥ፣ የእንጅባራው በስንት ኃይል፣ ወደየት ይገፋል?

መልሱ የሚነሣው የፈረንሳዩ ወታደራዊ መሐንዲስ ሻርል ኩሎምብ እ.ኤ.አ. በ1785 ካቀረበው ሕግ ነው። ኩሎምብ በቀጭን ሽቦ ላይ ዘንግ አንጠልጥሎ፣ ቻርጆቹ ሲገፋፉ ሽቦው ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ለካ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። አሠራሩ ሁለቱን ቻርጆች ማባዛት፣ በሜትር በተለካው ርቀት ስኩዌር ማካፈል፣ ውጤቱንም በ9 ቢሊዮን ማባዛት ነው።

የ40,000 ሜትር ስኩዌር 1.6 ቢሊዮን ስለሆነ፣ ዳንግላ እንጅባራን የምትገፋው በ5.6 ኒውተን ነው። ይህ ከግማሽ ኪሎ ስኳር ክብደት ትንሽ ይበልጣል፤ ያውም ከ40 ኪሎ ሜትር ርቀት! አንድ ኩሎምብ እጅግ ብዙ ቻርጅ ነው። ፀጉር ላይ ታሽቶ ብጣሽ ወረቀት የሚያነሣ እስክሪብቶ የሚይዘው የኩሎምብን ቢሊዮንኛዎች ብቻ ነው።

ቻግኒም እንዲሁ በ5.6 ኒውተን ትገፋለች። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ውለታ ውላልናለች፦ የቻግኒው ቻርጅ መኖር በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ያለውን ኃይል ቅንጣት አይለውጠውም። እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻ አስልቶ መደመር ይበቃል።

ድምሩ ግን 11.2 አይደለም፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚሁ ነው። ዳንግላ ወደ ደቡብ፣ ቻግኒ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፉ ሁለቱ ቀስቶች ቀጥተኛ ማዕዘን ይሠራሉ። በፓይታጎረስ ሲደመሩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያመለክት 8 ኒውተን ገደማ ይሰጣሉ።

የዳንግላው ቻርጅ ኔጌቲቭ ቢሆንስ? ግፊቱ ስበት ይሆንና ድምሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዞራል፤ መጠኑ ግን ያው 8 ነው። የመቀነስ ምልክቱ የሚነግረን የቀስቱን አቅጣጫ ብቻ ነውና ስሌቱ ውስጥ አታስገቡት። ቻርጆቹ አራትና አምስት ሲሆኑ ወይም ማዕዘኑ ሲጣመም፣ እያንዳንዱን ኃይል በምሥራቅ–ምዕራብና በሰሜን–ደቡብ ከፍሎ ለየብቻ መደመር ነው።

ተማሪዎች፣ ፈተና ላይ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ቀስቶቹን ሣሉ።