አንዱ ሲጋር ከ100 ዶላር በላይ! ለመሆኑ ያወጣል?



ስለ ሲጋራ በጻፍኩ ቁጥር በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ አንድ ጥያቄ አለ። "ዶክተር፣ ሲጋርስ? ያ ወፍራሙ፣ የሀብታሞቹ?" ሳልመልስ ቆየሁ። ባለፈው ሰሞን ግን ጥያቄው ቤቴ ድረስ መጣ።

የመጣው የካምፓስ ጓደኛዬ ነው። ሲጋራ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲያቆም የነበረውን ስቃይ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እየደወለ ሲያማርር የሚሰማው እኔ ነበርኩና። ያን ቀን ከጃኬቱ ኪስ ሁለት ወፋፍራም ሲጋሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሚስቱ ወንድም ከዱባይ ያመጣለት ስጦታ ነው። ቀለበቱ ላይ "ኮሂባ ቤሂኬ" ይላል።

"አንዱ ብቻውን ከ100 ዶላር በላይ ነው። እውነት ያወጣል?" አለኝ። በብር ስትመቱት የብዙ ሰው የወር ደሞዝ ነው።

"ጣለው" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የጠየቀኝ ስለ ዋጋው ነው፤ እሱን ካልመለስኩለት ቀሪውን ወሬዬን እንደማይሰማ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዋጋው ጀመርን። እናንተም ታገሱኝ።

ኮሂባ የኩባ ምርት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን በመጀመሪያ ለፊደል ካስትሮና ለውጭ አገር እንግዶች ስጦታ ብቻ ነበር የሚዘጋጀው። ለገበያ የወጣው በ1982 ነው። ቤሂኬ የሚባለው ደግሞ በ2010 የመጣ፣ ከኮሂባም የበላይ ተደርጎ የሚታይ ነው። ሚስጥሩ "ሜዲዮ ቲዬምፖ" የሚሉት ቅጠል ነው፤ ከተክሉ ጫፍ ላይ የሚገኝ፣ ፀሐይ የጠገበ ትንሽ ቅጠል። ሁሉም ተክል አያወጣውም። በዚያ ላይ ሲጋሩ የሚጠቀለለው በእጅ ነው። መሃሉ፣ ማሰሪያውና የውጭ ልብሱ የተለያየ ቅጠል ሲሆን ሁሉም ከመጠቅለሉ በፊት ደርቆ፣ ተከምሮ፣ በራሱ ሙቀት ይብላላል። እርጥብ ሣር ሲከመር ውስጡ እንዴት እንደሚግል አይታችኋል? እንደዚያ ነው። የኮሂባ ቅጠሎች የተወሰኑት ሌሎቹ ከሚብላሉት በላይ ሦስተኛ ዙር አላቸው። ይህን መብላላት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ድካሙ ውሸት አይደለም። ግን ዋጋው የድካሙ ብቻ ነው? በ2022 ሻጩ ድርጅት የኮሂባን ዋጋ በዓለም ዙሪያ ከሆንግ ኮንግ ገበያ ጋር እንዲስተካከል ወሰነ። በብዙ አገሮች ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ዘለለ። ቅጠሉ ያው፣ የሚጠቀልሉት እጆች ያው። የተጨመረው ስሙ ላይ ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። "ሲጋር አፊሲዮናዶ" የሚባል የታወቀ የአሜሪካ መጽሔት አለ፤ ቀማሾቹ የሲጋሩን ስም ሳያውቁ ነው ነጥብ የሚሰጡት። በ2010 የዓመቱ አንደኛ ያሉት ቤሂኬን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2012 አንደኛ የወጣው ግን ኒካራጓ የተጠቀለለ፣ ዋጋው ከ10 ዶላር በታች የሆነ ሲጋር ነው። ስሙ ሲሸፈን አሥር ዶላር የማይሞላውም አንደኛ ይወጣል ማለት ነው። ደግሞ ዋጋ ራሱ ምላስን ያታልላል። በ2008 አሜሪካ ውስጥ በወይን ጠጅ የተሠራ ጥናት ነበር፤ አንድ ዓይነት ወይን ዋጋው ከፍ ተደርጎ ሲነገራቸው ሰዎቹ የበለጠ ጣፈጣቸው። እያስመሰሉ አልነበረም፤ ደስታን የሚመዝነው የአንጎል ክፍል ራሱ የበለጠ ሲሠራ በምስል ታይቷል።

አስመስሎ የሚሠራውም ብዙ ነው። ክዳኑ መስታወት በሆነ ሳጥን "ኮሂባ ነው" ተብሎ ቢሰጣችሁ የውሸት ነው፤ ፋብሪካው እንደዚያ ያለ ሳጥን አያወጣም። እውነተኛውም ቢሆን ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ባለው ሳጥን መቀመጥ አለበት። የአዲስ አበባን የበጋ አየር ታውቁታላችሁ፤ ከንፈራችንን የሚሰነጥቅ አየር ለቅጠል አይራራም። ጓደኛዬ ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። በጣቴ ጫን ሳደርገው ተንኮሻኮሸ። እንዲህ የደረቀ ሲጋር ቶሎ ይነዳል፣ ይፋጃል፣ ይመራል።

"እንግዲህ ለአንተ አያወጣም" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ እውነተኛ ጥያቄው መጣ።

"እሺ ዋጋውን ተወው። ግን ይሄ እኮ ንጹህ ቅጠል ነው፣ እንደ ሲጋራ ኬሚካል የለውም። ጭሱንም አልውጠውም። አልፎ አልፎ ቢሆን ምን ችግር አለው?"

አያችሁ፣ ብዙ ሰው በ100 ዶላር የሚገዛው ይህን እምነት ነው። "ውድ ነው፣ ስለዚህ አይጎዳም።" ሳጥኑ ውስጥ የሌለው ነገር ግን እሱ ነው።

ያዙልኝ ያልኳችሁ መብላላት ትዝ አላችሁ? ቅጠሉ ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮች በብዛት ይፈጠራሉ። ማንም አልጨመራቸውም፣ ከራሱ ከቅጠሉ ነው የሚወጡት። ጣዕሙን የሰጠው፣ ዋጋውን ያስወደደው ሂደት ነው ይህንንም የሚያመጣው።

መጠኑን ደግሞ እዩ። አንድ ሲጋራ ውስጥ ያለው ትምባሆ አንድ ግራም አይሞላም። ትልልቅ ሲጋሮች እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 17 ግራም ይይዛሉ። አንዱ ብቻውን የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። የጓደኛዬ ቤሂኬ 54 የሚባለው ነው፤ 144 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 21 ሚሊሜትር ውፍረት። ተቀጣጥሎ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

"አልውጠውም" ለሚለው፦ የሲጋራ ጭስ አሲድነት ስላለው ኒኮቲኑ በደንብ የሚገባው ሳንባ ሲደርስ ነው። የሲጋር ጭስ ግን አልካላይን ነው፤ አፍ ውስጥ ብቻ ቢቆይም ኒኮቲኑ በጉንጭ ስስ ሽፋን በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ጫት ጉንጭ ውስጥ ተይዞ እንዴት እንደሚሠራ አስቡት። ያ ሁሉ መርዝ የሚያርፈው ከንፈር፣ ምላስ፣ ጉንጭና ጉሮሮ ላይ ነው። የአፍ፣ የማንቁርትና የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚመጣውም በዚያው መንገድ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ራሱ ሐኪም የነበረ ሰው፣ በቀን 20 ያህል ሲጋር ያጨስ ነበር፤ በ1923 የአፍ ካንሰር ተገኝቶበት በ1939 እስኪሞት ድረስ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ቀድሞ ሲጋራ ያጨሱ ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት ጭሱን ወደ ሳንባ የመሳብ ልማድ አላቸው። ሦስት ዓመት ታግሎ ላቆመ ሰው ይሄ ወደ ኋላ መመለሻ በር ነው።

ኮሂባ በመጀመሪያ የተጠቀለለለት ፊደል ካስትሮ እንኳ በ1985 ለሕዝቡ ጤና አርአያ ለመሆን ብሎ አቁሟል።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ቆይቶ "ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም" አለኝ። ለካስ ዓመት ሙሉ አርብ አርብ ከሥራ ሰዎች ጋር አንድ አንድ እያለ ነበር። (በነገራችን ላይ አዋጅ 1112/2011 በተዘጋ የሕዝብ መገልገያ ውስጥ ማጨስን ሲከለክል ሲጋርን ለይቶ አልፈቀደም።)

የስልኬን መብራት አብርቼ "አፍህን ክፈት" አልኩት። ግራ ጉንጩ ውስጥ፣ ሲጋሩን በሚይዝበት በኩል፣ ነጭ ነገር አለ። በጨርቅ ብጠርገው አይለቅም። አያመውም፣ ስለዚህ አላየውም። በማግስቱ የአፍ ሐኪም ዘንድ ላክሁት፣ ናሙና ተወሰደ። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። እሱም አልተኛ፣ እኔም። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አይደለም፤ ግን ሴሎቹ መለወጥ ጀምረዋል። አሁን በየሦስት ወሩ ይታያል። ታሪኩን እንድጽፍ የፈቀደልኝም ራሱ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ጥርሳችሁን ስትቦርሹ መስታወት ፊት አፋችሁን ከፍታችሁ እዩ፤ ከምላስ ሥር፣ ጉንጭ ውስጥ፣ ከንፈር ውስጥ። ነጭ ወይም ቀይ ነገር፣ ወይም የማይድን ቁስል ካለና ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ባያምም ሐኪም ይየው። አጫሽ ከሆናችሁ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ።

ሁለቱ ሲጋሮች እኔ ጋ ናቸው። የሚስቱ ወንድም ደውሎ "እንዴት ነበር?" ብሎት ነበር አሉ። ምን ብሎ እንደመለሰለት እስካሁን አልነገረኝም።