የአንገት እብጠት፦ ከአልትራሳውንድ በኋላ ሲቲ ስካን ለምን ይታዘዛል?

በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት በየአካባቢው ብዙ ስም አለው። አንዱ ንፍፊት ይለዋል፤ ሌላው እንቅርት ነው ይላል፤ "ብርድ ነው፣ ይጠፋል" ብሎ የሚያልፈውም ጥቂት አይደለም። ቅቤ ይቀባል፣ በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ በምላጭ ይበጣል። ታማሚው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል፤ በዚያም አልትራሳውንድ ከታየ በኋላ ሲቲ ስካን እንዲነሣ ይታዘዛል። ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በመሣሪያ ከታየ፣ በሬ ሸጦ ለሁለተኛ ምርመራ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

በሰውነታችን ውስጥ ሊምፍ ኖድ የሚባሉ፣ የባቄላ ቅርጽ ያላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ወደ 300 የሚጠጉት የሚገኙት በአንገት ነው። ሥራቸው ከአፍ፣ ከጉሮሮ፣ ከአፍንጫና ከራስ ቆዳ የሚመጣውን ፈሳሽ ማጣራት ነው። ከብት አርቢዎች ይህን ከቄራ ያውቁታል፤ የሥጋ መርማሪ የታረደውን በሬ የራስና የአንገት ዕጢዎች በቢላዋ ሰንጥቆ የሚመለከተው የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ካለ በዚያ ስለሚታይ ነው። በእርሻ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት ይህ ትምህርት በሰው ላይም የሚሠራ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በሰው አንገት ላይ የሚያብጥ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ የጥርስ ወይም የቶንሲል ሕመም ያስከተለው ሲሆን፣ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በሀገራችን ብዙ የሚታየው ሌላው ምክንያት የዕጢ ነቀርሳ ነው። በሽታው በዋናነት በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ያልተፈላ ወተት መጠጣትም አንዱ መንገዱ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ካንሰር ነው። ካንሰሩ ከዕጢው ከራሱ ሊነሣ፣ ወይም በጉሮሮ፣ በአፍንጫ ጀርባ አለዚያም በእንቅርት ዕጢ ተደብቆ ቆይቶ መጀመሪያ በአንገት ሊገለጥ ይችላል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ጠንካራ የሆነና ሲነኩት የማይንቀሳቀስ እብጠት፣ በተለይ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ ከሌሎቹም ምርመራዎች ርካሽ ነው። ጤነኛ ዕጢ ሞላላ ሲሆን በመካከሉ ደም የሚገባበት የስብ መስመር ይታያል። የታመመው ይድቦለቦላል፤ የመካከሉ መስመርም ይጠፋል። መጠንም ይለካል፤ በአጭሩ ጎን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዕጢ አጠራጣሪ ነው፤ ከመንጋጋ ማዕዘን ሥር ያለው ግን እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ላያሳስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ምስል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። በነቀርሳም በካንሰርም የዕጢው መካከል ሊሟሟ ስለሚችል፣ ሁለቱን ለመለየት በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። እብጠቱን በምላጭ ማስበጣት ግን ቁስልና ጠባሳ ፈጥሮ የኋላውን ሕክምና ያወሳስባል።

ናሙናው ካንሰር መሆኑን ካሳየ ጥያቄው ይለወጣል። በአንገት ግራና ቀኝ ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ካሮቲድ የተባለው ደም ቅዳና ደሙን የሚመልሰው ትልቁ ደም መልስ ጎን ለጎን ያልፋሉ። ሊምፍ ኖዶቹም በመስኖ ቦይ ዳር እንደተተከለ ባሕር ዛፍ በእነዚህ የደም ሥሮች ዳርቻ ተደርድረዋል። ዕጢው ሲያድግ መጀመሪያ የደም ሥሩን ይነካል፤ ቀጥሎ እንደ ሐረግ ይጠመጠምበታል። አልትራሳውንድ ከአጥንትና ከአየር ጀርባ ያለውን አያሳይም፤ ሲቲ ስካን ግን በደም ሥር በሚሰጥ ቀለም አማካይነት ሙሉውን አካባቢ በስስ በስሱ ቆራርጦ ያሳያል። ኤም አር አይም ለዚሁ ያገለግላል።

ሐኪሙ በምስሉ ላይ የሚለካው ዕጢው የደም ቅዳውን ክብ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። ከግማሹ ማለትም ከ180 ዲግሪ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማላቀቅ ይቻላል። ሦስት አራተኛውን ማለትም 270 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከከበበ ግን ደም ቅዳውን ሳይጎዱ ዕጢውን ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ለሐኪሙ ልምድና ውሳኔ የተተወ ነው። ደም መልሱ በአንድ ወገን ቢወጣ የሌላው ወገን ሥራውን ይሸፍናል። ካሮቲድ ከተቆረጠ ግን ታማሚው በስትሮክ ሊመታ ወይም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሲቲ ስካኑ አንገት ከተከፈተ በኋላ "አይቻልም" ተብሎ ከመዘጋት ያድናል። ቀዶ ሕክምና የማይቻል ቢሆንም የጨረርና የመድኃኒት ሕክምና አለ፤ የወራት መዘግየት ግን የሚቻለውን ወደማይቻል ሊለውጠው ይችላል።

ለሲቲ ስካን የሚሄድ ሰው የኩላሊት ሕመም ወይም አለርጂ ካለበት፣ ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን የሚወስድ ከሆነ፣ ሴትም እርጉዝ ከሆነች አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ለኤም አር አይ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ መደበቅ አደጋ አለው። የቀድሞው ፊልምና የናሙና ውጤት ቤት ሊቀር አይገባም፤ ሐኪሙ እብጠቱ ምን ያህል እንዳደገ የሚያውቀው ከእነሱ ጋር አስተያይቶ ነው። ውጤቱ ሲነገር "ዕጢው ከደም ቅዳው ጋር ምን ያህል ተያይዟል?" ብሎ መጠየቅም የታማሚውና የቤተሰቡ መብት ነው።