በቀቀን ከመምረጥ በፊት ቤትን ስለ መመርመር

ከአዕዋፍ ወገን የሰውን ቃል አጥርተው ለመድገም ከሚችሉት ከጥቂቶቹ አንዱ በቀቀን ነው። ስለዚህም ከጥንት ዘመን ጀምሮ በነገሥታት አዳራሽም ሆነ በመርከበኞች ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ ኖሯል። በከተማችን በድሬ ዳዋም አንዳንድ ቤተሰብ ልጆቹ ወደ ውጭ አገር ሄደውበት ቤቱ ጭር ሲል፣ አንዳንድ ጡረተኛም የቀኑ ርዝመት ሲከብደው «አንድ ትልቅ በቀቀን ብናሳድግ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቀናል። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም። ብቸኝነት ራሱ ጤናን የሚጎዳ ነገር ስለ ሆነ፣ ሰው በቤቱ ውስጥ ሕያው ባልንጀራ ቢሻ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ጠያቂዎቻችን ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚያነሡት የላባውን ቀለምና አንደበቱን ነው። እኛ ግን ስለ ጤና አጠባበቅ የምንጽፍ እንደ መሆናችን፣ አስቀድሞ የሚመረመረው ወፉ ሳይሆን ቤቱ ነው እንላለን። ከቤቱም ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ፤ እነርሱም የቤተሰቡ ደረት፣ የቤቱ አየርና የባለቤቱ ዕድሜ ናቸው።

ስለ ቤተሰቡ ደረት

በቀቀን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ዋነኛ በሽታ በሐኪሞች ዘንድ «ሲታኮሲስ» ይባላል። ስሙ በግሪክ ቋንቋ በቀቀን ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ያኮብ ሪተር የተባለ ሐኪም በስዊስ አገር በኡስተር ከተማ በአንድ ቤት የታመሙ 7 ሰዎችን ታሪክ ጽፎ አቀረበ፤ ከነዚሁም 3ቱ ሞተው ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጡ ወፎች ይኖሩ ነበር።

ከዚህ የባሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1929 መጨረሻና በ1930 መጀመሪያ የደረሰው ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ አናፖሊስ በተባለችው ከተማ አንድ ባል ለሚስቱ የገና ስጦታ እንዲሆን አንድ በቀቀን ገዛ። ወፉ በበዓሉ ሰሞን ሞተ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶም ቤተሰቡ በትኩሳትና በሳል ወደቀ። በዚያው ክረምት በአሜሪካ ብቻ 169 ሰዎች ታመው 33ቱ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሁቨርም በጥር 1930 በቀቀን ወደ አገሩ እንዳይገባ ትእዛዝ አወጡ። ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ ያደረገው፣ በሽታው በሚመረመርበት በዋሽንግተኑ ላቦራቶሪ ውስጥ ወፎቹን ከቶ ያልነኩ ሠራተኞች እንኳ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በመሥራታቸው ብቻ መታመማቸው ነው።

ምክንያቱ ዛሬ በሚገባ የታወቀ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆን፣ በታመመው ወፍ ኩስና ከአፍንጫው በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። ኩሱ ሲደርቅ ይደቅቃል፤ ወፉ ክንፉን ባራገበ ቍጥር ወይም ሰው ደረቁን በጠረገ ጊዜ አቧራው ይነሣል፤ ሰውም ከአየር ጋር ይስበዋል። ተሕዋሱ በደረቀ ኩስ ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ከሁሉም የሚያታልለው ደግሞ ወፉ ጤናማ መስሎ እየታየ በሽታውን ሊዘራ መቻሉ ነው።

በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገለጣል። ምልክቶቹም ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቍርጥማትና ደረቅ ሳል ናቸው። እነዚህ ምልክቶች ከወባ፣ ከተስቦና ከተራ የሳንባ ምች ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ሐኪሙ ካልተነገረው በቀር ወፉን ሊያስብ አይችልም። ጸረ ተሕዋስ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ከታመሙት 100 ሰዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር፤ ዛሬ ግን በጊዜው ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ወፍ ያለበት ቤት ሰው ትኩሳትና ሳል ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ቢሄድ፣ «በቤቴ ወፍ አለ» የሚለውን ቃል ሳይጠየቅ ይናገር። ይህ አንድ ቃል ነፍስ ሊያድን ይችላል።

በቀቀን የሌላቸው አንባቢዎቻችንም ይህ ነገር አይመለከተንም እንዳይሉ እናስታውሳቸዋለን፤ በጣሪያችን ላይ የሚያድሩት እርግቦች ይህንኑ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉና።

ከዚህም ሌላ የወፍ ላባ ብናኝ ብቻውን ደረትን ይጎዳል። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀንና ካካቱ የተባለው ነጭ በቀቀን ከላባቸው ዱቄት የመሰለ ትቢያ ያራግፋሉ። ይህን ለብዙ ዓመት የሚስብ ሰው ሳንባው ሊቈጣና ቀስ በቀስ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በዚህም ምክንያት በቤቱ ውስጥ አስም ወይም ሌላ የቆየ የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው ካለ፣ በቀቀን ባይገባ ይሻላል።

ስለ ቤቱ አየር

የወፍ ሳንባ ከሰው ሳንባ ይልቅ አየርን አጣርቶ የሚስብ ስለ ሆነ፣ መርዝንም ከሰው ቀድሞ ይቀበላል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጕድጓድ ይወርዱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወፏ ስትወድቅ ሰዎቹ መርዘኛው ጋዝ መኖሩን ዐውቀው ይወጡ ነበር።

እንግዲህ የራሳችንን ቤት እንመልከት። ቡና የሚፈላው በከሰል ነው፤ ከቡናውም ጋር እጣን ይጨሳል። ከቀትር በኋላ ጫት በሚቃምበት ክፍል መስኮቱ ተዘግቶ የሲጋራና የሺሻ ጢስ ይታፈናል። በወጥ ቤቱም ምግብ የማይጣበቅበት፣ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ተረስቶ ቢግል፣ ሰው እምብዛም የማይሸተው ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ጋዝ በቀቀንን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገድለዋል። ስለዚህ የወፉ ስፍራ ከወጥ ቤት፣ ከከሰልና ከጢስ የራቀ፣ ንጹሕ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ክፍል የሌለው ቤት በቀቀን ለማሳደግ አልተዘጋጀም። ለወፍ የማይበጅ ጢስ በዚያው ክፍል ለሚያድሩ ሕፃናትም እንደማይበጅ አንባቢው ራሱ ይረዳዋል።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ወፍ አያልበውም፤ ሲሞቀው አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ክንፉንም ከገላው ያርቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ ሞቃት ቆላ በመሆኗ፣ በግንቦትና በሰኔ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ወፍ በአንድ ቀትር ሊሞት ይችላል። ጥላ ያለበት በረንዳ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ የመጠጥ ውኃና ገላውን የሚረጭበት ውኃ የግድ ያስፈልጉታል።

ስለ ባለቤቱ ዕድሜ

ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በሚገባ ከተያዘ ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራል፤ ማካው የተባሉት ታላላቆቹም እንዲሁ ብዙ ዓመት ይቆያሉ። የ35 ዓመት ሰው ጫጩቱን ቢገዛ፣ ወፉ የባለቤቱን ሽምግልና አይቶ ለልጁ ሊተርፍ ነው። እንግዲህ ከመግዛት በፊት «ከእኔ በኋላ ማን ይወስደዋል?» ተብሎ ተተኪው በስሙ ሊታወቅ ይገባል።

ደግሞም በቀቀን አስተዋይ ፍጥረት ነው። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ያስተማሩት አሌክስ የተባለ ግራጫ በቀቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከ100 የሚበልጡ ቃላት ተምሮ ነበር፤ ቀለምንና ቅርጽንም ይለይ ነበር። እንዲህ ያለ አእምሮ ያለው ወፍ ቀኑን ሙሉ ብቻውን በሽቦ ውስጥ ቢዘጋበት፣ ከመሰልቸት የተነሣ ይጮኻል፤ የገዛ ላባውንም ይነቅላል። በየቀኑ ከሰው ጋር ብዙ ሰዓት መዋል፣ የሚያላምጠው እንጨት ማግኘትና ሌሊት በጨለማ ውስጥ መተኛት ይሻል። ጧትና ማታ በኃይል መጮኽም ተፈጥሮው ስለ ሆነ፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች አስቀድመው ቢጠየቁ መልካም ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ዐረብኛ በአንድ መንደር በሚሰሙባት ከተማችን ወፉ የትኛውን ቋንቋ እንደሚለምድ አይታወቅም፤ ስድብ የሚበዛበት ቤት ግን ስድብ የሚደግም ወፍ ማግኘቱ እሙን ነው።

ስለ ወፉ አመራረጥ

ቤቱ ተመርምሮ ከተገኘ በኋላ ወደ ወፉ እንሂድ። አገራችን የራሷ በቀቀኖች አሏት። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ሆዱ ብርቱካን የመሰለው በቀቀን ደግሞ በምሥራቁ ቆላ በግራሩ መካከል ይኖራል፤ በዛፍ ፍንክትና በኵይሳ ውስጥ ይፈለፍላል። እነዚህን ከዱር አጥምዶ ወይም ያለ ፈቃድ ገዝቶ በቤት መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጕዳዩም የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀንም ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በጥብቅ ከሚጠበቁት ወገን ተመድቧል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ የሚገዛው በሰው እጅ የተፈለፈለ፣ የትውልዱ ወረቀትና የእንስሳት ሐኪም ምስክርነት ያለው ብቻ ይሁን። ከዱር የተያዘ ወፍ ሕግን ከማስጣሱም በላይ፣ በጕዞ ተጨናንቆና ተጎሳቍሎ ስለሚመጣ በሽታ ለማዛመት የተመቸ ነው።

ገዢው ወፉን ከመንካቱ በፊት ራቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ይመልከተው፤ ወፍ ሰው ሲቀርበው ሕመሙን ይሸሽጋልና። ጤናማ በቀቀን ዓይኑ ብሩህ፣ አፍንጫው ደረቅና ንጹሕ፣ ላባው የተስተካከለ ነው። ላባውን ነፍቶ የሚያንቀላፋ፣ ሲተነፍስ ጅራቱ ከፍ ዝቅ የሚል፣ በመቀመጫው ዙሪያ ኩስ የተጣበቀበት፣ ወይም የደረቱ አጥንት እንደ ስለት የሾለ ወፍ አይገዛም። የተገዛውም ቢሆን ቢያንስ ለ30 ቀን ከሌሎች ወፎችና ከዶሮዎች ተለይቶ ይቀመጥ፤ በነዚሁ ቀኖች ውስጥም የእንስሳት ሐኪም ይመርምረው።

ስለ ምግብና ስለ ጽዳት

ፍሬ ብቻ የሚመገብ በቀቀን የቫይታሚን «ኤ» እጥረት ያገኘዋል። ከማሽላና ከልዩ ልዩ እህል ጋር ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ካሮትና ጎመን ይሰጠው። ለውዝ ቢሰጠው ሻጋታ ያልነካው መሆኑ ይመርመር፤ በሻገተ ለውዝ ውስጥ የሚገኘው መርዝ ጉበትን ይጎዳልና። አቮካዶ፣ ቡና፣ ቸኮላታ፣ ጨውና አልኮል ከቶ አይቅመስ። ምግብም ከአፍ ወደ አፉ አይሰጠው።

ከሽቦው ቤት ሥር የሚነጠፈው ወረቀት በየቀኑ ይለወጥ። ኩስ በደረቁ አይጠረግም፤ በመጀመሪያ አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይረጭበት፤ ከራሰ በኋላ ይነሣ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። በረኪናውን ከሌላ መድኃኒት ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው፤ በሚረጭበትም ጊዜ ወፉ ከክፍሉ ይውጣ።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። በብዙ ቤት የወፉ ደስታ የቤተሰቡ ሲሆን ጽዳቱ ግን የሚጣለው በቤት ሠራተኛይቱ ላይ ነው። አቧራውን ከሁሉ አብልጣ የምትስበው እርሷ ናት። ስለዚህ አደጋው በሚገባ ይነገራት፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ይሰጣት፤ ስትታመምም «ጕንፋን ነው» ተብሎ ሳይታለፍ ወደ ሐኪም ትላክ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይህን ሥራ አይሥሩ።

ስለ አንድ ወር ፈተና

በመጨረሻ፣ መግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን አንድ ቀላል ፈተና እንሰጣለን። ወፉ ሳይገባ ባዶውን የሽቦ ቤት በተመረጠው ክፍል አቁሙት። ለ30 ቀን በየዕለቱ ወረቀቱን ለውጡ፤ ውኃውን ቅዱ፤ ጧትና ማታ ከጎኑ አንድ አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ በክፍሉ ውስጥ ከሰልም፣ እጣንም፣ ሲጋራም አታግቡ። ይህ ሁሉ አንድ ቀን ሳይጓደል ከተፈጸመ ቤቱ ተመርምሮ አልፏል፤ ወፉም ይምጣ። በ10ኛው ቀን ወረቀቱ ከተረሳ፣ በ15ኛውም ቀን ከሰሉ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ግን፣ ቤቱ መልሱን ራሱ ሰጥቷል። ያም ቢሆን ምንም ጕዳት አልደረሰም፤ ወፍ አልሞተም፤ የታመመም ሰው የለም። ባለቤቱ በማለዳ ከከተማው ወጣ ብሎ በግራሩ ላይ የሚንጫጫውን ባለ ብርቱካን ሆድ በቀቀን ያለ ሽቦና ያለ ወጪ ሊመለከተው ይችላል።