የዘር ወቅት ክፍያ አይጠብቅም

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የምግብ እጥረት ያለባቸውን አርሶ አደሮች በገንዘብ ወይም በእህል ይደግፋል። መሥራት የሚችሉት በእርከንና በመንገድ ሥራ ይሳተፋሉ፤ አቅመ ደካሞችና ነፍሰ ጡር እናቶች ሥራ ሳይጠየቁ ይረዳሉ።

ተጠቃሚው የሚለየው በቀበሌ ሲሆን፣ ቅር የተሰኘም ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። የሥራ ቀናት መዝገብም ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይላካል፤ መዝገቡ ሳይጣራ ክፍያ አይፈጸምም። በዚህ መሐል ሥራው ከተጓተተ የተቸገረ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይበላል፤ በጉንም በርካሽ ይሸጣል። ፕሮግራሙ የታቀደው ግን የአርሶ አደሩ ጥሪት እንዳይሸጥ ነው።

ስለዚህ ቀበሌዎች መዝገቡን በየወሩ አጠናቅቀው መላክ፣ ወረዳዎችም ክፍያውን የመኸር ዘር ሳይደርስ መፈጸም ይጠበቅባቸዋል። አርሶ አደሩም የሠራባቸው ቀናት በትክክል መመዝገባቸውን ያረጋግጥ።