የልብ መድኃኒት ዘመድ ለአንጎል

በጤናው የቆየ ሰው ድንገት ራሱን በመዶሻ የተመታ ያህል አሞት ይወድቃል፤ ያስመልሰዋል፣ አንገቱም ይደርቃል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከአንጎል ደም ስሮች በአንዱ ላይ እንደ ፊኛ የተነፋ ስስ ቦታ መፈንዳቱ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚያ በኋላ ስላሉት ሁለት ሳምንታት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለፈ በሽተኛ ተረፈ አይባልም። ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ የፈሰሰው ደም ስሮቹን ያስቆጣቸውና ይኮማተራሉ። ደም ያጣው የአንጎል ክፍልም ይሞታል። ትናንት ከቤተሰቡ ጋር ሲጫወት የነበረው ሰው ዛሬ እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

የደም ስር ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ወደ ውስጡ ሲገባ ነው። ይህንን መግቢያ የሚዘጉ መድኃኒቶች ደግሞ ለልብ ሕመምና ለደም ግፊት ሲሰጡ ኖረዋል። ታዲያ የነዚሁ ዘመድ የሆነው ኒሞዲፒን አንጎልን ይረዳ ይሆን?

ሰጥቶ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ያለ መድኃኒትም የሚድን አለ እኮ! ስለዚህ በሽተኞቹ በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ኒሞዲፒን፣ ግማሾቹ መልኩ ያው ሆኖ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ለማን የትኛው እንደደረሰ ሐኪሙም በሽተኛውም አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የወጣው ሙከራ ተስፋ ሰጠ፤ የበሽተኞቹ ቁጥር ግን ጥቂት ነበር። በ1989 የእንግሊዝ ሐኪሞች የ554 በሽተኞችን ውጤት አወጡ። ክኒኑ በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም ለ21 ቀን ተሰጥቷል። ደም በማጣት የአንጎላቸው ክፍል የሞተባቸው ከመቶ 33 የነበሩት ወደ 22 ወረዱ። የሞቱትና ክፉኛ አካለ ስንኩል የሆኑት ደግሞ ከ33 ወደ 20።

የሚገርመው ሌላ ነው። በ1988 በወጣ የካናዳ ሙከራ የደም ስሮቹ በራጅ ሲታዩ፣ መድኃኒቱን የወሰዱትም ያልወሰዱትም ስሮች መጥበባቸው እኩል ሆኖ ተገኘ፤ የወሰዱት ግን በተሻለ አገግመዋል። ክላዞሴንታን የተባለው ሌላ መድኃኒት በተቃራኒው ስሮቹን ከፍቶ ሳለ በ2011 በወጣው ትልቅ ሙከራ በሽተኞቹ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ራጁ አማረ፣ ሰውየው ግን አልተነሳም ማለት ነው። (ደብተሩ ያማረ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱ ገብቶታል እንደማንለው ነው።) ኒሞዲፒን በምን መንገድ እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ምናልባት ሴሎቹን ራሳቸውን ይጠብቅ ይሆናል።

ክኒኑ ደም ግፊትን ያወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ግፊት መውደቁ ደግሞ ለተጎዳው አንጎል ጠንቅ ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት ተኝተው፣ ግፊታቸው እየተለካ ነው የሚወስዱት።